የትርፍ ድርሻው ከየት ነው የሚመጣው? አክሲዮን ለሚገዙ ወጣቶች



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ ብዙዎቻችሁ ስልካችሁ ላይ የአክሲዮን መግዣ አፕ አላችሁ። ሥራ የጀመራችሁትም ሆናችሁ ገና ዩኒቨርሲቲ ያላችሁት የምትጠይቁት ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ «ይህ ኩባንያ በዓመት 6 በመቶ ይከፍላል፤ ልግዛው?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከእሱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፦ ያ 6 በመቶ ከየት ነው የሚመጣው?

ይህ ጥያቄ ለእኛ ሁለት ፊት አለው። አንደኛው፣ ኩባንያው የሚያከፋፍለውን ገንዘብ በእርግጥ ሠርቶ አግኝቶታል ወይስ ተበድሮ ነው? ሁለተኛው፣ ያገኘውስ ከሐላል ነው? ሁለቱን ለየብቻቸው የምናያቸው፣ አንዱን ለሒሳብ ባለሙያ ሌላውን ለኡስታዝ የምንተው ብዙዎች ነን። ለሁለቱም የሚያስፈልጉት ቁጥሮች ግን ያሉት በዚያው በኩባንያው ዓመታዊ ሪፖርት ውስጥ፣ በጥቂት ገጾች ላይ ነው። ሙያዬ ምሕንድስና ነው፤ የፋይናንስ አማካሪም ሙፍቲም አይደለሁም። ይህ ጽሑፍም እነዚያን ገጾች እንዴት እንደምናነብ ለማሳየት እንጂ ይህን ግዙ ያንን ሽጡ ለማለት አይደለም። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አፑ ላይ ያለው መቶኛ ምንድን ነው?

ዲቪደንድ ማለት ወላጆቻችን «የትርፍ ድርሻ» የሚሉት ነው። ኩባንያው ካተረፈው ላይ ለባለ አክሲዮኖች የሚያካፍለው ገንዘብ ነው። በአሜሪካ አብዛኛውን ጊዜ በየሦስት ወሩ ይከፈላል፤ በአውሮፓ ብዙ ኩባንያዎች በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ይከፍላሉ። ወለድ አይደለም፤ ዋስትናም የለውም። ቦርዱ በአንድ ስብሰባ ሊጨምረው፣ ሊቀንሰው ወይም ጨርሶ ሊያስቀረው ይችላል። ይህ አለመረጋገጡ እንደ ጉድለት ሊታይ አይገባም፤ ትርፍና ኪሳራን ተካፍሎ መነገድ ከሪባ የሚለየው አንዱ ነገር ይኸው ነውና።

አፑ ላይ «ዪልድ» ተብሎ የሚታየው መቶኛ የሚገኘው የዓመቱን የትርፍ ድርሻ ለአክሲዮኑ የዛሬ ዋጋ በማካፈል ነው። አንድ አክሲዮን 50 ዶላር ቢሆንና በዓመት 2 ዶላር ቢከፍል 4 በመቶ ይሆናል። ነገ መጥፎ ዜና መጥቶ ዋጋው 25 ዶላር ቢወርድ አፑ 8 በመቶ ያሳያል። ልብ በሉ፣ ኩባንያው አንድ ሳንቲም አልጨመረም። የጨመረው የገበያው ጥርጣሬ ነው። እኛ ማሽን ላይ የሚሠራ ሰው መለኪያው ከፍ ብሎ ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው «መለኪያው የሚለካው ምንድን ነው?» ብሎ ነው። ይህም ቁጥር እንደዚያ መነበብ አለበት። ከሌሎች ተመሳሳይ ኩባንያዎች በጣም ከፍ ያለ ዪልድ ስታዩ፣ ብዙ ጊዜ ገበያው «ይህ ክፍያ አይቀጥልም» እያለ ነው።

ከዚሁ ጋር አንድ የተለመደ አጭር መንገድ አለ፤ ክፍያው ከመድረሱ አንድ ቀን በፊት ገዝቶ የትርፍ ድርሻውን ወስዶ መሸጥ። አይሠራም። ገዢው ክፍያውን የማያገኝበት ቀን ሲጀምር የአክሲዮኑ ዋጋ በተከፈለው ገንዘብ መጠን ገደማ ዝቅ ብሎ ይከፈታል። ከቀኝ ኪሳችሁ ወጥቶ ወደ ግራ ኪሳችሁ የገባ ገንዘብ ነው፤ በብዙ አገርም መሐል ላይ ግብር ይቆረጥበታል።

ኢንቴል፦ ትርፍ ነበር፣ ጥሬ ገንዘብ ግን አልነበረም

የኮምፒውተር ቺፕ አምራቹን ኢንቴልን እንውሰድ፤ የምታውቁት ስም ነው፣ ሪፖርቱም ለሁሉም ክፍት ነው። በ2022 ኢንቴል በአንድ አክሲዮን 1.94 ዶላር አተረፈ፤ 1.46 ዶላር ደግሞ የትርፍ ድርሻ ከፈለ። ካተረፈው ላይ 75 በመቶውን አከፋፈለ ማለት ነው። ይህ የክፍያ ምጣኔ ይባላል። ብዙ መመሪያዎች «ምጣኔው ከ100 በታች ከሆነ ችግር የለም» ብለው እዚያ ያቆማሉ። በ2023 መጀመሪያ ዋጋው 26 ዶላር ገደማ ስለነበር ዪልዱ ከ5 በመቶ በላይ ነበር። ትልቅ ስም፣ ከ5 በመቶ በላይ ክፍያ፣ 75 በመቶ ምጣኔ፤ ላይ ላዩን ሲታይ ምን ይጎድለዋል?

የጎደለው ያለው የጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫው ላይ ነው። ትርፍና ጥሬ ገንዘብ አንድ አይደሉም። ኩባንያ ፋብሪካ ሲሠራ ገንዘቡ ዛሬ ከካዝናው ይወጣል፤ በትርፍ ሒሳቡ ላይ ግን ወጪው የሚመዘገበው በፋብሪካው ዕድሜ ላይ ተከፋፍሎ፣ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየተባለ ነው። የትርፍ ድርሻ ደግሞ የሚከፈለው በወረቀት ላይ ካለ ትርፍ አይደለም፤ ከካዝና ነው። በ2022 ከኢንቴል መደበኛ ሥራ የገባው ጥሬ ገንዘብ 15.4 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ለፋብሪካና ለመሣሪያ የወጣው ወደ 25 ቢሊዮን ዶላር ነው። ሌላ ምንም ሳንቆጥር ከ9 ቢሊዮን ዶላር በላይ ጎድሎታል። በዚያው ዓመት 6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የትርፍ ድርሻ ከፈለ። በሌላ አነጋገር፣ ለባለ አክሲዮኑ የተከፈለው ገንዘብ ከዓመቱ ሥራ የተረፈ አልነበረም።

በየካቲት 2023 ኢንቴል የሦስት ወሩን ክፍያ ከ36.5 ሳንቲም ወደ 12.5 ሳንቲም አወረደው። በነሐሴ 2024 ደግሞ ከዓመቱ የመጨረሻ ሩብ ጀምሮ ክፍያውን ሙሉ በሙሉ እንደሚያቆም አስታወቀ፤ በማግስቱ አክሲዮኑ በአንድ ቀን 26 በመቶ ገደማ ወደቀ። በ2021 የፀደይ ወራት በ60 ዶላር የገዛ ሰው እስከዚያ ድረስ በትርፍ ድርሻ የሰበሰበው በአንድ አክሲዮን ከ4 ዶላር ያነሰ ነው፤ ዋጋው ግን ወደ 20 ዶላር ወርዶበታል። ስለዚህ የባለ አክሲዮን ጥቅም ሲሰላ የትርፍ ድርሻውና የዋጋው ለውጥ አንድ ላይ ይደመራሉ። አንዱን ብቻ ይዞ «እኔ ገቢዬን ነው የምፈልገው፣ ዋጋው አያገባኝም» ማለት ራስን ማታለል ይመስለኛል።

ኢንቴል ፋብሪካ መሥራቱ ስህተት ነበር እያልኩ አይደለም። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ለመክፈል የሚበቃ ገንዘብ አልነበረውም፤ ይህም ክፍያው ከመቀነሱ በፊት በወጣ ሪፖርት ላይ ለሚያነብ ሁሉ ይታይ ነበር። እናንተም ኩባንያ ስትመለከቱ የምታደርጉት ይኸው ነው፦ ከሥራው ከገባው ጥሬ ገንዘብ ላይ ለፋብሪካና ለመሣሪያ የወጣውን ቀንሱ፤ የተረፈው የትርፍ ድርሻውን ይሸፍናል? የአንድ ዓመት ብቻ አትዩ፤ አምስት ዓመት አስቀምጣችሁ እዩ። አንድ ዓመት ጎድሎ አራት ዓመት የተረፈው ኩባንያና በየዓመቱ እየጎደለው የሚከፍል ኩባንያ አንድ አይደሉም።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ላላችሁ ሌላ ምሳሌ ልጨምር። ሳዑዲ አራምኮ በ2019 መጨረሻ ገበያ ሲወጣ በዓመት 75 ቢሊዮን ዶላር የትርፍ ድርሻ ሊከፍል ቃል ገብቶ ነበር። በ2020 በኮቪድ ምክንያት የነዳጅ ዋጋ ወደቀና ከወጪ የተረፈው ጥሬ ገንዘብ 49 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ብቻ ሆነ። 75 ቢሊዮኑን ግን ከፈለ። በ2024ም የተረፈው 85.3 ቢሊዮን ሲሆን ያወጀው የትርፍ ድርሻ 124.2 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ለ2025 የሚጠበቀውን ክፍያ ወደ 85.4 ቢሊዮን አወረደው። እዚህ ላይ የባለቤቱን ማንነት ማየት ይጠቅማል። ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው አክሲዮን በቀጥታ የመንግሥት ነው፤ የመንግሥት በጀትም በዚህ ክፍያ ላይ ይደገፋል። ክፍያው ስንት ይሁን የሚለው ውሳኔ ከኩባንያው ካዝና ብቻ የሚመነጭ አይደለም ማለት ነው። አራምኮ ከመሬት የሚያወጣው ነዳጅ በዓለም ላይ ርካሽ ከሚባሉት ስለሆነ እንዲህ ያለውን ጊዜ ሊሻገረው ችሏል። ሌላ ኩባንያ ይህን ቢሞክር ዕዳው ቶሎ ይታይ ነበር።

ዕዳው፣ ሪባውና ያው ገጽ

ወደ ሁለተኛው ፊት እንምጣ። የመጀመሪያው በር የሥራው ዓይነት ነው፤ አልኮል፣ አሳማ፣ ቁማር፣ በወለድ የሚሠራ ባንክና የተለመደው ኢንሹራንስ እዚያው ይቀራሉ። «ከፍተኛ የትርፍ ድርሻ ከፋዮች» የሚሉ ዝርዝሮችን ስታዩ ባንክና የትምባሆ ኩባንያ የበዛባቸው ስለሆኑ ግማሹ ሥራ እዚህ ያልቃል።

ሥራው ሐላል ሆኖ በወለድ የተበደረ ኩባንያስ? መቀመጫው ባሕሬን የሆነው፣ ለእስልምና ፋይናንስ ተቋማት መስፈርት የሚያወጣው አዮፊ በቁጥር 21 መስፈርቱ ላይ ገደብ አስቀምጧል። በወለድ የተወሰደው ዕዳ ከኩባንያው ጠቅላላ የገበያ ዋጋ 30 በመቶ አይበልጥ፤ በወለድ የተቀመጠ ገንዘቡም እንዲሁ 30 በመቶ አይበልጥ፤ ከሐራም የሚገባው ገቢም ከጠቅላላ ገቢው 5 በመቶ አይበልጥ። ይህንን የማይቀበሉ፣ ጥቂትም ቢሆን ሪባ ያለበትን ኩባንያ አክሲዮን የሚከለክሉ ዑለማዎችም አሉ። በዚህ ላይ የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ፤ እኔ የማሳየው ስሌቱን ነው።

ስሌቱ ደግሞ እንደሚመስለው አንድ አይደለም። ዳው ጆንስ የገበያውን ዋጋ የ24 ወር አማካይ ወስዶ 33 በመቶን ገደብ ያደርጋል። ኤምኤስሲአይ በዋናው የእስልምና ኢንዴክሱ ዕዳውን የሚያካፍለው ለገበያ ዋጋ ሳይሆን ለጠቅላላ ሀብቱ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ኢንቴል በ2022 መጨረሻ 42 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ዕዳ ነበረበት። በጊዜው ዋጋ መላው ኩባንያ በገበያ ላይ 109 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ያወጣ ነበር፤ ዕዳው ወደ 38 በመቶ ይጠጋል፣ ከ30 አለፈ። ያንኑ ዕዳ 182 ቢሊዮን ለሆነው ጠቅላላ ሀብቱ ብናካፍለው 23 በመቶ ነው፣ አለፈ የሚባል ነገር የለም። አንዱ አፕ «ሐላል» ሌላው «አጠራጣሪ» የሚላችሁ ለዚህ ነው። አፕ ስትጠቀሙ አረንጓዴውን ምልክት ብቻ ሳይሆን የትኛውን መስፈርት እንደሚከተል እዩ። ከዚያም በአንዱ ጽኑ፤ ለእያንዳንዱ አክሲዮን የሚመቸውን መስፈርት እየፈለጉ መሄድ ማጣራት አይባልም።

እዚህ ላይ ሁለቱ ጥያቄዎች እንዴት እንደሚገናኙ ተመልከቱ። ዋጋው ሲወድቅ ዪልዱ ይጨምራል ብለናል። ዋጋው ሲወድቅ ዕዳው ለገበያ ዋጋ ያለው መቶኛም ይጨምራል። ሁለቱም የሚካፈሉት ለአንድ ነገር ነውና። ዓይን የሚስበው ከፍተኛ ዪልድ የሚታየው ብዙ ጊዜ ኩባንያው የዕዳ ገደቡን በሚያልፍበት ሰሞን ነው። ክፍያውን ለማስቀጠል ሲል በወለድ የሚበደር ኩባንያ ደግሞ ሁለቱንም ፈተና በአንድ እርምጃ ይወድቃል፤ ገንዘቡ ያልተገኘ ነው፣ የመጣበትም መንገድ ሪባ ነው።

አክሲዮኑን መልሶ የሚገዛ ኩባንያ

ገንዘብ ለባለ አክሲዮን የሚመለሰው በትርፍ ድርሻ ብቻ አይደለም። አፕል ዪልዱ በ2024 ግማሽ በመቶ ገደማ ብቻ ነበር፤ ስስታም ይመስላል። ነገር ግን ከ2012 ወዲህ የራሱን አክሲዮን ከገበያ መልሶ እየገዛ ከ26 ቢሊዮን በላይ የነበረውን የአክሲዮን ብዛት፣ የአክሲዮን ክፍፍሉ ተስተካክሎ፣ ወደ 15 ቢሊዮን አውርዶታል። እንጀራው ያው ሆኖ የሚበላው ሰው ቢቀንስ ለቀሪው የሚደርሰው እንደሚሰፋ ማለት ነው። ሁሉም ኩባንያ እንዲህ አይደለም። አንዳንዱ በአንድ እጁ እየገዛ በሌላው እጁ ለሠራተኞቹ አዲስ አክሲዮን ያድላል። ስለዚህ «ይህን ያህል ቢሊዮን መልሰን ገዛን» የሚለውን ዜና ትታችሁ ጠቅላላው የአክሲዮን ብዛት በአምስት ዓመት ውስጥ ቀንሷል ወይ የሚለውን ብቻ እዩ።

የወላጆቻችን አክሲዮን

ብዙዎቻችን ቤት ከኢትዮጵያ የመጣ የአክሲዮን ሰርተፊኬት አለ። በ2019 የወጣው የባንክ ሕግ ማሻሻያ የውጭ ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያንም የባንክ አክሲዮን እንዲገዙ ከፈቀደ ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ እናንተንም ይመለከታል። አባቶቻችን «ዘንድሮ 30 በመቶ ከፈለ» ሲሉ ስትሰሙ፣ ያ 30 በመቶ ከአፑ 6 በመቶ ጋር የሚወዳደር አይደለም። እዚያ መቶኛው የሚነገረው በአክሲዮኑ ላይ ከተጻፈው ዋጋ አንጻር ነው። 1,000 ብር የተጻፈበት አክሲዮን 30 በመቶ ሲከፍል 300 ብር ነው። አክሲዮኑን ከሌላ ሰው በ1,500 ብር የገዛ ሰው ያገኘው 20 በመቶ ነው። ከዚያ ላይ ግብር ይቆረጣል፤ እጅ የሚገባው ከ300 ብር ያነሰ ነው።

ኑሯችሁ በዶላር ወይም በዩሮ ከሆነ የምንዛሪው ነገርም አለ። ከሐምሌ 2024 ማብቂያ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ያው 300 ብር ከ5 ዶላር በላይ የነበረው ከ3 ዶላር በታች ሆነ። ወላጆቻችን በአገር ቤት ለሚኖር ዘመድ ወይም ለአገራቸው ብለው የያዙት ከሆነ ይህ ላያስጨንቃቸው ይችላል። እናንተ ግን ለገቢ ብላችሁ የምትገዙ ከሆነ መቁጠር አለባችሁ። ከጥር 2025 ጀምሮ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ መጀመሩ፣ ቢያንስ የአክሲዮኑን የገበያ ዋጋ በሰው በሰው ከመጠየቅ ያድናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሌላው፣ ሰርተፊኬቱ የየትኛው ባንክ ነው? በወለድ የሚሠራ ባንክ ከሆነ የገቢው መሠረት ራሱ ወለድ ስለሆነ በ5 በመቶ ገደብ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ዘምዘምና ሂጅራን የመሳሰሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ሥራ የጀመሩት በ2021 ነው፤ ከዚያ በፊት የገዙ ወላጆቻችን ብዙ አማራጭ አልነበራቸውም። ስለዚህ ጉዳዩን ስታነሱባቸው በአደብና በቀስታ፣ ቢቻል ዓሊም ባለበት ይሁን።

ከተከፈለ በኋላ

ገንዘቡ ሲገባ መጀመሪያ ግብር አለ። አሜሪካዊ ላልሆነና እዚያ ለማይኖር ሰው የአሜሪካ ኩባንያ ከሚከፍለው የትርፍ ድርሻ 30 በመቶ በቀጥታ ይቆረጣል። እንግሊዝ፣ ጀርመን ወይም ስዊድን የምትኖሩ በስምምነት ወደ 15 በመቶ ይወርድላችኋል፤ ይህ የሚሆነው ግን መግዣ አፑ ላይ የነዋሪነት ቅጹን ከሞላችሁ ነው። በኤምሬትስና በሳዑዲ ግን እንዲህ ያለ ስምምነት ስለሌለ 30ው ይቆረጣል። «ዱባይ ግብር የለም» የሚለው እዚህ ላይ አይሠራም፤ አፑ 4 በመቶ ሲል ለእናንተ 2.8 ነው።

ቀጥሎ ማጥራት አለ። ኩባንያው መስፈርቱን ቢያልፍም ባንክ ካስቀመጠው ገንዘብ ጥቂት ወለድ ማግኘቱ አይቀርም። በአዮፊ መስፈርት መሠረት የሚወጣው ለትርፍ ድርሻው ብቻ ተብሎ አይደለም፤ ኩባንያው አከፋፈለም አላከፋፈለም፣ ተረፈም ከሰረም፣ ከሐራም የገባው ገቢ ለጠቅላላው የአክሲዮን ብዛት ተካፍሎ በያዛችሁት ይባዛል። ለምሳሌ አንድ ኩባንያ 120 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ቢያገኝና 1 ቢሊዮን አክሲዮን ቢኖረው በአንድ አክሲዮን 12 ሳንቲም ነው፤ 50 አክሲዮን ያለው ሰው 6 ዶላር ያወጣል። ከትርፍ ድርሻው ላይ ብቻ በመቶኛ የሚያሰሉም አሉ፤ አፖቹ ብዙ ጊዜ የሚያሳዩት ያንን ነው። በየትኛውም ቢሆን የሚወጣው ገንዘብ የእናንተ ስላልሆነ እንደ ሰደቃ አይታሰብም፣ ከዘካም አይቆጠርም። ዘካው ለብቻው ነው፤ ለመነገድ የያዘ በአክሲዮኑ ሙሉ የገበያ ዋጋ ላይ 2.5 በመቶ ያወጣል፤ ለትርፍ ድርሻው ብሎ ለረጅም ጊዜ የያዘውን በተመለከተ የዑለማዎች አስተያየት ስለሚለያይ ዓመቱ ሳይሞላ ጠይቃችሁ ጻፉት።

ወላሁ አዕለም።